ለሁለት ሰው የተሠራው ፑምሴ

ልጅ እያለሁ፣ ልደታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ ሴት ልጅ እግሯን ከወገቧ በላይ ስትሰቅል ማየት ለእናቴ ነውር ነበር። ቴኳንዶ እንድማር የፈቀደችልኝ ከቅዳሴ እንዳልቀርና በዚያ ልብስ ከግቢ እንዳልወጣ አስምላ ነው። የምንሠራው ሠርግም ለቅሶም በሚደገስበት የጋራ አዳራሽ ስለነበር፣ ሲሚንቶው ሁልጊዜ ቁሌት ቁሌት ይሸት ነበር። ዛሬም ሽንኩርት ሲቁላላ ጎንበስ ብዬ የቴኳንዶ ሰላምታ ልሰጥ ይቃጣኛል።

ጓደኛዬ ሃያት ከእኛ በታች ያለው ፎቅ ላይ ተከራይተው የሚኖሩ ሰዎች ልጅ ነበረች። እኔ ቀጭንና ፈሪ፣ እሷ ትከሻዋ ሰፊ፣ ሳቋ ቅርብ። ምትና መከላከሉ በተራ ተደርድሮ የሚሠራውን ቅንብር ፑምሴ እንለዋለን። አንድ ቀን አስተማሪያችን፣ ማስተር ነበር የምንለው፣ “የተለመደውን ሁሉም ያውቀዋል፤ አዲስ ቀበቶ ለምትቀበሉበት በዓል የራሳችሁን ፈጥራችሁ አምጡ” አለን።

ክረምቱን ሙሉ ደረጃው ሥር ፈጠርን። እርምጃውን ከሰኞ ማክሰኞ፣ ማምለጡን ከፔፕሲ ጨዋታ ወሰድን። ሃያት ትመታለች፣ እኔ አመልጣለሁ፣ እወድቃለሁ፣ እነሳለሁ። መጨረሻ ላይ የታጠፈ ጉልበቷን ረግጬ እዘልና ማስተር ከፍ አድርጎ የያዘውን ጣውላ በእርግጫ እሰብራለሁ።

“አራዳ ሁኚ እንጂ! ለምን ዓይንሽን ትጨፍኛለሽ?”

“እየጸለይኩ ነው።”

“ተደባድበሽ ስትጨርሺ ትጸልያለሽ!”

በዓሉ ሲቃረብ አከራያቸው ቤቱን ሸጠው። እነ ሃያት ወደ ከተማው ዳር ሊሄዱ ሆነ፤ የሚጭናቸው አይሱዙ የተገኘውም በዚያው በበዓሉ ዕለት። እናቷ እትዬ ዘይነባ ሾፌሩን ለምነው፣ ዕቃው እስኪጫን እኛ ትርኢታችንን እንድንጨርስ ተስማሙ። ፕሮግራሙ ጠዋት ሦስት ሰዓት ነበር፤ የመጀመሪያዎቹም እኛ ነበርን።

ሦስት ሰዓት አለፈ። የክብር እንግዳው አልመጡም። ፊት ለፊት ያለው ወንበር ነጭ ጨርቅ ለብሶ ባዶውን ቁጭ ብሏል። ውጭ ፍራሹ ተጫነ፣ ቁም ሳጥኑ ተጫነ። ሾፌሩ ክላክስ ያደርጋል፤ ለጭነት መኪና የተፈቀደው ሰዓት ካለፈ ትራፊክ ይቀጣዋል።

“ማስተር፣ የእኛን ብቻ እንሥራ?” አልኩት።

“እንግዳው ሳይመጡ? ነውር ነው እኮ ልጄ።”

ዞሬ እትዬ ዘይነባን አየኋቸው፤ ቢቆጡልኝ ብዬ። እሳቸውም አንገታቸውን ደፍተው፣ “እውነቱን ነው፤ ትልቅ ሰው ሳይመጣማ እንዴት ይጀመራል?” አሉ። ሁሉም አዘነልን፤ ማንም አልተንቀሳቀሰም። እኔም የማውቀውን አደረግሁ፤ ወደ ልደታ ቤተ ክርስቲያን ዞሬ፣ እመቤቴ ሰውዬውን አምጪልኝ አልኩ።

ሃያት ነጭ ልብሷን እንደለበሰች ፍራሹ ላይ ወጣች። “እንዳትፈሪ! ከፈራሽ ወላሂ እሰማለሁ!” ብላ ጮኸች። መኪናው ታጠፈ።

ብዙም ሳይቆይ እንግዳው ገቡ። ሁሉም ሲያጨበጭብ እኔም አጨበጨብኩ። ማስተር ጀርባዬን ነካ አድርጎ፣ “በይ፣ ብቻሽን ሥሪው” አለኝ። እምቢ ማለትም አላውቅበትም።

ማንም ሳይሰነዝርብኝ ጎንበስ አልኩ። ማንም ሳይመታኝ ወደቅሁ። ከኋላ አንዱ “ይቺ ልጅ ከማን ጋር ነው የምትደባደበው? ከሰይጣን ጋር ነው እንዴ?” ሲል አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። መጨረሻ ላይ ተንደርድሬ ሄድኩና ጣውላው ሥር ቆምኩ፤ የምረግጠው ጉልበት የለም። ሰላምታ ሰጥቼ ወረድኩ። እንግዳው “ጎበዝ” አሉኝ።

ዛሬ የምኖረው ሁሉም ነገር በሰዓቱ በሚጀመርበት፣ ማንም ማንንም በማይጠብቅበት ሩቅ አገር ነው። ከምሠራበት ፎቅ በታች ልጆች ቴኳንዶ ይማራሉ፤ ወላጆቻቸው እያንዳንዷን እርምጃ በስልክ ይቀርጹላቸዋል። የእኛን የቀረጸ የለም። ሃያትን በስልክ ፈልጌያት ነበር፤ ሃያት የምትባል ስንት አለች መሰላችሁ! በጸሎቴ ስሟን ከማንሳት በቀር ያገኘሁት መንገድ የለም።

አልፎ አልፎ ቤቴን ዘግቼ እሞክረዋለሁ። የእኔን ድርሻ አንዲት እርምጃ ሳልስት አስታውሰዋለሁ፤ የት እንደማመልጥ፣ የት እንደምወድቅ። የእሷን ግን አላጠናሁትም። ፊቴ ቆማ እያለች ምን ብዬ ላጥናው?