ለጥምቀት የከተርኩት ውሃ

ስለ በዓል በፍቅር የሚጽፉ ሰዎችን አላምናቸውም። ነጭ ቀሚሱን፣ እልልታውንና ሆታውን ሁሉ ያስታውሳሉ፤ ለበዓሉ ሲሉ የበደሉትን ሰው ግን አንዳቸውም አያነሱም። እኔ አንድ ጥምቀት አለኝ፤ ትዝ ባለኝ ቁጥር ብቻዬን ብሆን እንኳ ፊቴን የምሸፍንበት አጣለሁ።

በጃንሆይ ዘመን ነው። ከነቀምት በስተምሥራቅ ባለችው በሲሬ የሃያ ሁለት ዓመት አስተማሪ ነበርኩ። ብዙ አንብቤአለሁ፤ ያነበብኩትን ያህል ግን አላሰብኩም። በዚያ ዓመት ከተራ ቅዳሜ፣ ጥምቀት እሑድ ሊውል ሆነ። ነቀምት የምታስተምር አንዲት ልጅ ሁለቱን ቀን ሲሬ ካሉት ዘመዶቿ ዘንድ እንደምታሳልፍ ጻፈችልኝ። እኔም ስመልስ፣ "የእኛ ጥምቀት እኮ ሐይቅ አለው፤ በታንኳ አንሸራሽርሻለሁ" አልኳት።

አባቴ የጎጃም ሰው ነው፤ ስለ ጣና ታንኳ ሲያወራ ነው ያደግኩት። እኔ ግን ታንኳ በዓይኔ አይቼ አላውቅም። ሐይቅ ያልኩትም ታቦቱ የሚወርድበት ጅረት ነው፤ በጥር ዶሮ እግሯን ሳታረጥብ ትሻገረዋለች።

ልማዱ የታወቀ ነው። የከተራ ዕለት ጠዋት ጎረምሶች ወርደው ጅረቱን በድንጋይና በጭቃ ይከትሩታል፤ እስከ ማግስቱ ካህናቱ የሚባርኩት ያህል ውሃ ይጠራቀማል፤ ታቦቱ ሲመለስ ይፈርሳል። የአንድ ቀን ውሃ ግን ታንኳ አይሸከምም። ስለዚህ ጎረምሶቹን አሳምኜ ረቡዕ ከትምህርት በኋላ ከተርነው። ውሃው ሞልቶ ሊያልፍ በደረሰ ቁጥር ግድቡን ከፍ አደርገዋለሁ። ታንኳ ያልኩትንም ከሙዝ ግንድ አሰርኩት። ሐሙስና ዓርብ ክፍል ውስጥ ቆሜ ስለ ክፍልፋይ ሳስረዳ፣ ልቤ ግን ውሃው ዛሬ ስንት ጣት ጨመረ እያለ ይለካ ነበር። እንደዚያ ሰሞን በጉጉት የተደሰትኩበት ጊዜ የለም።

ዓርብ ከሰዓት ቤት አከራዬ መጡ። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ሚሲዮን ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱ፣ አማርኛ የማይናገሩ ሴት ናቸው። እሳቸው ባርሲሳ ይሉኛል፣ መምህር ማለታቸው ነው፤ እኔ ሐርሜ እላቸዋለሁ፣ እናቴ እንደማለት። ጅረቱን ከከተርንበት ወረድ ብሎ የሰው መሬት ያርሳሉ። ባለመሬቱ "በመጪው ክረምት ቡና ካልተከልሽበት ለሌላ ጭሰኛ እሰጠዋለሁ" ስላላቸው፣ ችግኝ አፍልተው ከጅረቱ በቦይ እየጠለፉ ያጠጡ ነበር።

"ባርሲሳ፣ ውሃው ጠፋ" አሉኝ በኦሮምኛ። "ቦዩ ከትናንት ጀምሮ ደረቅ ነው። ችግኙ ጠውልጓል። ከላይ አንዱ ለጎመኑ ጠልፎት ይሆናል። ለመንግሥት ጻፍልኝ።"

ማን እንደከተረው አውቃለሁ። ግድቡን ማፍረስ የሩብ ሰዓት ሥራ ነበር። እኔ ግን ወረቀት አወጣሁ። "ማንነቱ ያልታወቀ ግፈኛ የድሃዋን ውሃ በማን አለብኝነት ስለቀማ" ብዬ ጀመርኩ፤ በዕድሜዬ ከጻፍኩት ሁሉ ያማረውን ማመልከቻ በራሴ ላይ ጻፍኩ። አንብቤ ተረጎምኩላቸው። አለቀሱ። ጣታቸውን ቀለም አስነክቼ አስፈረምኳቸው።

"አሁኑኑ አድርስልኝ፣ ኢልመ ኮ" አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው።

"አሁን ቢሮው ተዘግቷል፣ ሐርሜ። ነገና ከነገ ወዲያ በዓል ነው። ሰኞ።"

እጄን ይዘው መረቁኝ።

እሑድ ካህናቱ ባረኩ፤ ሕዝቡ ተረጨ፤ ታቦቱ ሲመለስ ጎረምሶቹ ግድቡን ሊያፈርሱ ተነሡ። "ጥቂት ቆዩልኝ" ብዬ ለመንኳቸው። ልጅቷ ነጭ ለብሳ ዳር ቆማለች። ግንዱን ውሃው ላይ ሳወርድ፣ ሐርሜ እንስራ በጀርባቸው አዝለው ከታች በኩል ብቅ አሉ።

"እሰይ! የሚሲዮኑ እማማም ጸበል ሊቀዱ መጡ!" አለ አንዱ።

"ማርያም ጎትታ አምጥታቸው ነው!" አለ ሌላው።

"ቀስ ብለው ይቅዱ እማማ፣ ፓስተሩ እንዳያዩዎት!"

ሰው ሁሉ ሳቀ። ልጅቷም ሳቀች። እኔም ሳቅሁ።

ሐርሜ ቀልዱ አልገባቸውም፤ ወይም ግድ አላላቸውም። ውሃውን አዩ፣ ግድቡን አዩ፣ ከዚያ ግንዱን ጨብጬ የቆምኩትን እኔን አዩ። እንስራቸውን ሞልተው ቁልቁለቱን ጀመሩ።

"ያውቁሃል እንዴ?" አለችኝ ልጅቷ።

"ቤት አከራዬ ናቸው" አልኳትና ግንዱን ገፋሁት። ሁለት ጊዜ ዞርን። ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ራሰ፤ እየጮኸች ትስቅ ነበር።

ሰው ሲበተን ግድቡን ብቻዬን አፈረስኩትና ከውሃው ጋር እየሮጥኩ ወረድኩ። የችግኝ መደባቸው ጋ ስደርስ ሐርሜ ተንበርክከው እያንዳንዱን ችግኝ በቅል ያጠጣሉ። ቅጠሉ እንደ ተቃጠለ ወረቀት ተጠቅልሏል። ጥላ ሥር የነበሩት ጥቂቶች ብቻ ለምልመዋል፤ ለሩብ ማሳ እንኳ አይበቁም። ባለመሬቱ በክረምቱ ቃሉን ጠበቀ፤ ባለመሬት አክብሮ የሚጠብቀው እንዲህ ያለውን ቃል ነው።

ውሃው ቦዩን ሞልቶ አጠገባችን ደረሰ። ለስድባቸው የሚሆን መልስ አዘጋጅቼ ነበር፤ ልማድ ነው፣ ሃይማኖት ነው፣ አላወቅሁም ነበር። ሐርሜ ግን ቅሉን አስቀምጠው እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ።

"በበዓሉ ደስ አለህ?" አሉኝ። ሽሙጥ አልነበረም፤ ምላሼን ይጠብቁ ነበር።

"አዎ፣ ሐርሜ" አልኳቸው።

እውነቴን ነበር።