የደሃናው ማቀዝቀዣና የጠፉት ስድስት ሰዓታት

የመጀመሪያ የሥራ ቀኔ ማክሰኞ ነበር። ሰቆጣ ካለው ቢሯችን ስደርስ ገና ሁለት ሰዓት አልሞላም። ዘበኛው በሩን እስኪከፍት መቆም አቅቶኝ ግቢውን ሦስት ጊዜ ዞርኩ። ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ ኋላ የሚመጣው ጣጣ ሁሉ ከዚሁ ጠባዬ ስለተነሳ ነው።

ሥራችን የክትባት ማቀዝቀዣዎችን ከሩቅ ሆኖ መጠበቅ ነበር። በየጤና ጣቢያው ማቀዝቀዣ ውስጥ አንዲት ትንሽ መሣሪያ አለች። በየሩብ ሰዓቱ ሙቀቱን ትለካና በስልክ መስመር ወደ እኛ ትልካለች። ክትባት ከሁለት እስከ ስምንት ዲግሪ ባለው ውስጥ መቆየት አለበት። አብዛኛው ክትባት ከሞቀ ይበላሻል፤ አንዳንዱ ደግሞ በረዶ ከያዘው ያበቃለታል። በየጠዋቱ አንድ ፕሮግራም የየማቀዝቀዣውን ዝቅተኛና ከፍተኛ ሙቀት ያወጣል፤ ነርሶቹም ያንን ሪፖርት አይተው ይከትባሉ ወይም ክትባቱን ይመልሳሉ።

አለቃዬ አቶ ኪሮስ ድምፃቸውን የማያነሱ ቀጭን ሰው ነበሩ። ወንበር እንኳ ሳልስብ ሥራውን ነገሩኝ።

«ፕሮግራሙ በፓይተን ነው የተጻፈው። ትክክል ነው፤ ግን ኮምፒውተራችን አሮጌ ነው፣ ያለፈውን ወር ሁሉ በየጠዋቱ እንደገና ሲያሰላ ሪፖርቱ ይዘገያል። ሪፖርቱ ሳይደርስ መኪናው ወደ አበርገሌ ይወጣል። ስሌቱን ብቻ በሲ ጻፊልኝ። ሌላውን አትንኪ።»

«በሳምንት አደርሰዋለሁ» አልኳቸው።

«ማን በሳምንት አለሽ?»

ሙያው ውስጥ ላልገባ ሰው ነገሩ እንዲህ ነው። ፓይተንም ሲም ለኮምፒውተር ትእዛዝ የሚጻፍባቸው ቋንቋዎች ናቸው፤ ፓይተን ለመጻፍ ይቀላል፣ ሲ ይፈጥናል። በሲ ቋንቋ ቁጥር ማለት ራቁቱን የቆመ ቁጥር ነው። በፓይተን ግን እያንዳንዱ ቁጥር እንደታሸገ ጆንያ ነው። ውስጡ ምን እንዳለ፣ ስንት ቦታ እንደተያዘ፣ እንዴት እንደሚደመርና እንደሚካፈል አብሮት የታሰረ ነው። ከሲ ውስጥ ሆኖ ሁለት እንዲህ ያሉ ጆንያዎችን ለመደመር የመደመር ምልክት አይበቃም። ፓይነምበር አድ የሚባለውን ፈንክሽን፣ ማለትም አስቀድሞ የተሰናዳ ትእዛዝ፣ ጠርተህ ሁለቱን ትሰጠዋለህ፤ እሱ አዲስ ጆንያ ይመልስልሃል። ለመቀነስ ፓይነምበር ሰብትራክት አለ፣ ሲካፈል የሚተርፈውን ቀሪ ለማግኘት ደግሞ ፓይነምበር ሪሜይንደር።

የተመለሰልህን ጆንያ ተጠቅመህ ስትጨርስ መልቀቅ ያንተ ግዴታ ነው። እኔ አልለቀቅኩም። በሁለተኛው ሳምንት ኮምፒውተሩ ከረፋዱ በኋላ መንቀሳቀስ ያቅተው ጀመር፤ ሜሞሪው ማንም በማይፈልጋቸው ቁጥሮች ተሞልቶ ነበር። አቶ ኪሮስ ከኋላዬ ቆመው ስክሪኑን አዩና «የያዝሽውን ልቀቂ» ብለውኝ ወደ ክፍላቸው ተመለሱ። እያንዳንዱ ስሌት ሥር መልቀቂያ እየጻፍኩ ሦስት ቀን ቆየሁ።

ቀጥሎ ከጽጽቃ ጤና ጣቢያ አንዷ መሣሪያ ባትሪዋ ደከመና በቁጥር ፋንታ ባዶ ላከች። ከባዶ ላይ መቀነስ አይቻልም፤ ፈንክሽኑም ምንም ሳይመልስ ቀረ። እኔ የተመለሰ ነገር መኖሩን ሳላይ ወደ ሚቀጥለው መስመር ስለሄድኩ ፕሮግራሙ መሐል ላይ ተቋረጠ። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ስሌት በኋላ «መጣ ወይስ አልመጣም?» ብሎ መጠየቅ ደግሞ ተጨመረ።

አሁን ያለሁበትን አስቡት። በፓይተን በግማሽ መስመር የምትጽፈውን መቀነስ በሲ አራት መስመር አድርጌ እጽፋለሁ። ቀንስ፣ መጣ ወይ በል፣ ተጠቀም፣ ልቀቅ። እግሬ ከጠረጴዛው ሥር አያርፍም ነበር። ቀኑን ሙሉ ይህን ስገለብጥ ውዬ ማታ እጄን ስታጠብ እንኳ ልቀቅ፣ ልቀቅ እያልኩ ራሴን አገኘዋለሁ።

ከዚያ ሰዓቱ ላይ ደረስኩ። መሣሪያዎቹ የሚልኩት በፈረንጅ ሰዓት ነው፤ ነርሶቹ ግን በእኛው ሰዓት ነው የሚያነቡት፣ ልክም ናቸው። ፓይተኑ ይህን በአንድ መስመር ይሠራል። ከሰዓቱ ላይ ስድስት ይቀንሳል፣ የቀረውን ለሃያ አራት ያካፍልና ቀሪውን ይወስዳል። ከዜሮ እስከ አሥራ አንድ ያለው ቀን ነው፣ ከዚያ በላይ ያለው ሌሊት።

በፈንክሽኖቹ ብሠራው ስምንት መስመር ይሆንብኛል። ቁጥሩን ከጆንያው አውጥቼ በሲ የራሱ ምልክት ብሠራው ግን አንድ መስመር ይበቃኛል። አወጣሁት። አቶ ኪሮስ የሠራሁትን ሲያዩ እዚያ መስመር ላይ ቆሙ።

«ይህን ለምን ለፓይተን አልተውሽለትም?»

«ሒሳቡ ያው ነው፣ አቶ ኪሮስ። ስድስት መቀነስ የትም ቢሆን ስድስት መቀነስ ነው። ይህ ደግሞ ይፈጥናል።»

«ሞክረሽዋል?»

«አዎ።»

ሞክሬው ነበር። ከምሳ በኋላ፣ የዚያን ዕለት የጠዋት ንባብ አስገብቼ ከአሮጌው ፕሮግራም ውጤት ጋር አስተያየሁት፤ አንድም ልዩነት የለውም። ሪፖርቱ መኪናው ሳይወጣ ደረሰ፣ ሰው ሁሉ አመሰገነኝ፣ እኔም ደረቴን ነፋሁ።

በአዲሱ ፕሮግራም ሦስተኛ ቀን ላይ ከደሃና ተደወለልኝ። ሲስተር ፀዳለ ናት፤ እዚያ ጤና ጣቢያ የክትባቱን ክፍል የምትይዘው እሷ ናት።

«ለምለም፣ የኔን ማቀዝቀዣ እስቲ እዪልኝ። ሪፖርትሽ ደህና ነው ይላል። ከጣቢያው ጀርባ የሚኖሩት ቄስ ምሕረቱ ግን አላመኑም።»

«እሳቸው ማቀዝቀዣውን በምን አዩት?»

«ሰምተውት ነው። ሌሊት ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ በመስኮቱ ሥር ነው የሚያልፉት። ‹ከስምንት ሰዓት ጀምሮ ኪዳን እስኪደርስ ሞተሩ አያርፍም፤ ቀን ላይ ግን ያርፋል› ይሉኛል። እዚህ ብርዱን ታውቂዋለሽ። በረዶ ይዞት እንዳይሆን ፈራሁ።»

ሪፖርቱን ከፈትኩ። የሌሊቱ ዝቅተኛ ሦስት ዲግሪ ይላል።

«ሦስት ዲግሪ ነው። ምንም አልሆነም።»

«አንዱን ጠርሙስ ሆን ብዬ በረዶ አስይዤ ነገ ከሌሎቹ ጋር ወዝውዤ ላስተያየው? በረዶ የነካው ሲወዘወዝ ቶሎ ነው የሚዘቅጠው። በዓይን ብቻ ግን አይለይም።»

«ልጆቻቸውን ሊያስከትቡ የመጡት እናቶችስ?»

«ከማለዳ ጀምሮ ተቀምጠዋል። ሰባት ናቸው።»

«ታዲያ ዛሬ በእግራቸው የመጡትን ነገ ተመለሱ ልትያቸው ነው? ቄሱ ሞተር ሲጮህ ሰሙ ተብሎ! መሣሪያው በየሩብ ሰዓቱ ለክቷል፣ ኮምፒውተሩም አስልቷል። ከትቢያቸው።»

«እሺ፣ አንቺ ካልሽ» አለችኝና ዘጋችው።

ስልኩን ካስቀመጥኩ በኋላ መቀመጥ አልቻልኩም። ተነሳሁ፣ ተቀመጥኩ፣ እንደገና ተነሳሁ። ከአንድ ሰዓት በላይ እንዲህ ካደረገኝ በኋላ እንዲወጣልኝ ብዬ የደሃናን ንባቦች ቆጠርኩ። በሰዓት አራት፣ በቀን ዘጠና ስድስት መሆን አለባቸው። ስሌቱ ውስጥ የገቡት ሰባ ሁለት ናቸው።

ሃያ አራቱ የት ሄዱ? ጥሬውን ፋይል ከፈትኩ። ዘጠና ስድስቱም መጥተዋል። የጎደሉት ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት እስከ ንጋቱ አሥራ ሁለት ያሉት ናቸው። ከእነሱ መካከል ከስምንት እስከ አሥራ አንድ ያሉትን ሳነብ ቆሌዬ ተገፈፈ። ከዜሮ በታች አራት ይላል።

ነገሩ ይህ ነው። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት በፈረንጅ ሦስት ነው። ከሦስት ስድስት ስትቀንስ ከዜሮ በታች ሦስት ይሆናል። ፓይተንን ያንን ለሃያ አራት አካፍሎ ቀሪውን እንዲሰጥህ ስትጠይቀው ዞሮ ሃያ አንድ ይልሃል፤ አሥራ ሁለቱ የቀን ሰዓት ሲወጣለት ሌሊት ዘጠኝ ማለት ነው። ሲ ግን አይዞርም፤ ያው ከዜሮ በታች ሦስት ብሎ ይመልስልሃል። ቀደም ብዬ ደግሞ፣ ባትሪዋ የደከመባት መሣሪያ ካስቸገረችኝ በኋላ፣ ሰዓቱ ከዜሮ በታች የሆነ ንባብ ሁሉ እንደ ቆሻሻ ይጣል የሚል መስመር ጽፌ ነበር። በየቀኑ ስድስት ሰዓት እየጣልኩ ነበር። የሞከርኩት በጠዋት ንባብ ስለሆነ ከስድስት ያነሰ ሰዓት ፊቴ አልመጣም።

ለሲስተር ፀዳለ ደወልኩ። ነገርኳት።

«ሰባቱንም ከትቤ ልኬያቸዋለሁ» አለች። አልጮኸችብኝም። ብትጮህ ይቀለኝ ነበር።

የሌሎቹን ማቀዝቀዣዎች አንድ በአንድ አየሁ፤ በረዶ የያዘው የደሃናው ብቻ ነበር። ከዚያ አቶ ኪሮስ ክፍል ገባሁ። ቆሜ ሁሉንም ተናገርኩ። ሪፖርቱን ገልበጥ አድርገው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

«መኪናው ነገ አንድ ሰዓት ላይ ይወጣል። ጤናማ ክትባት ይጫናል። አንቺም ትሳፈሪያለሽ።»

«እኔ እዚያ ምን እሠራለሁ?»

«ለእናቶቹ የሚነግራቸው ሰው ያስፈልጋል። ፀዳለ አይደለችም ያጠፋችው።»

የተበላሸው ክትባት ሕፃናቱን አይጎዳም፤ የሚጎዳቸው ተከተብን ብለው ሳይከተቡ መቅረታቸው ነው። ስለዚህ ሰባቱን ቤት ለቤት መፈለግ ነበረብን። መኪናው ደሃና ላይ ሲስተር ፀዳለን አሳፍሮ መንገዱ እስከሚያልቅበት አደረሰን። ከዚያ በኋላ በእግር ነው። ክትባቱን በትከሻዋ ሲስተር ፀዳለ ይዛለች፤ ውሃና ስንቃችንን በአህያ ጭነናል። በገብስ ማሳው ጠርዝ ለጠርዝ ከአንዱ መንደር ወደ ሌላው አንድ ቀን ተኩል ሄድን።

የመጀመሪያዋ እናት ብርቄ ትባላለች። ከሲስተር ጋር በአካባቢው ቋንቋ በኽምጣና ተነጋገሩ፤ ኋላ ወደ እኔ ዞረች።

«አንቺ ነሽ ደህና ነው ያልሽው?»

«እኔ ነኝ።»

«ልጄ ሲወጋ እያለቀሰ እግሩን የያዝኩት እኔ ነኝ። ያ ለምንም አልነበረም?»

«ለምንም አልነበረም። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

ልጁን አቀፈችና ረጅም ጊዜ አየችኝ። «በይ እንግዲያው፣ ዛሬ አንቺ ያዢው» አለችኝ። ያዝኩት። ሲወጋ ጣቴን ጨምድዶ ጮኸ። አለቀስኩ፤ አፍሬም አልተደበቅኩም።

እንዲህ እያልን ስድስቱን አገኘን። በሰባተኛው ቤት በሩ ተዘግቷል። ጎረቤቶቹ አባትና እናቱ ከብቶቹን ይዘው ግጦሽ ፍለጋ ወደ ተከዜ ቆላ መውረዳቸውን ነገሩን። ሕፃኑ ምስጋናው ይባላል። አበርገሌ ላሉት ነርሶች ሁሉ ስሙን ላክን። እኔም በየሳምንቱ እደውል ነበር። እስካሁን አየነው ያለኝ የለም።

ከጉዞው መልስ ቄስ ምሕረቱን በጣቢያው አጥር አጠገብ አገኘኋቸው። «አባቴ፣ እርስዎ ልክ ነበሩ» አልኳቸው።

«እኔማ የሰማሁትን ነው የተናገርኩ» አሉኝ። «የደረሳችሁላቸው ደህና ይሁኑ እንጂ።»

ቢሮ እንደተመለስኩ ያንን መስመር አፍርሼ በሰብትራክትና በሪሜይንደር ጻፍኩት፤ መምጣቱን እየጠየቅኩ፣ የያዝኩትን እየለቀቅኩ። ሁለቱንም በሰዓት ለካኋቸው። ትክክለኛው በጠቅላላው አርባ ሰከንድ ይዘገያል። የቸኮልኩት ለዚያች አርባ ሰከንድ ነበር።

ከስሌቱ በላይ፣ ኮምፒውተሩ በማያነበው የማስታወሻ መስመር ላይ፣ የሕፃኑን ስም ጽፌያለሁ። አዲስ የሚመጡት ልጆች ኮዱን ሲረከቡ ምስጋናው ማን እንደሆነ ይጠይቁኛል። አንዷ ኮዱን የጻፈው ሰው መስሏት ነበር። እነግራቸዋለሁ።

ከዚያ ይህን እላቸዋለሁ፦ ከሲ ሆናችሁ የፓይተንን ቁጥር ስታሰሉ በፓይተን ሕግ አስሉት፤ ስትፈትሹም የሌሊቱን ሰዓት አስገብታችሁ ፈትሹ።