ሰባት ቀን በትምህርት ቤቱ ካብ ውስጥ

ዘንድሮ በፍልሰታ ቅዳሴ ወጥቶ፣ ሴቶቹ ከቤተ ክርስቲያኑ ጥድ ሥር አረፍ ባልንበት፣ በቅርብ ወደ አገራችን የተዳረች አንዲት ልጅ «ጾሟን ሳትፈታ ሞተች የሚሏት በላይነሽ የማን ልጅ ናት?» ብላ ጠየቀች። የበላይነሽ እናት እማማ አስካለ ከጎኔ ተቀምጠው ነበር። ዓይናቸው ደክሟል። በእጃቸው ዳብሰው ትከሻዬን ያዙና «የእኔ ናት። ምስክሯም ይህችውና፤ እስከ መጨረሻዋ አብራት ነበረች» አሉ። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። እኔም እንደ ወትሮዬ መሬት መሬት እያየሁ ራሴን ነቀነቅሁ። ሰው ሲያየኝ የምሆነው ይጠፋኛል፤ ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲሁ ነኝ። ቤቴ ገብቼ ግን ምሳዬን መቅመስ አቃተኝ።

በላይነሽ በሞተችበት ዓመት አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር። ስድስተኛ ክፍልን ጨርሼ ትምህርቱን ከተውኩ ቆይቼ ነበር። የበልጉን ገብስ ውርጭ መትቶት ስለነበር ከእኛ ቀበሌ አሥራ አንድ ሰዎች ሆነን ለጥጥ አረም ወደ ቆላ ወረድን። ሴቶቹ እኔና በላይነሽ ብቻ ነበርን። በላይነሽ በስድስት ዓመት ትበልጠኛለች፤ ባሏ ጥሏት ሄዶ፣ የሁለት ዓመት ሴት ልጇን ለእናቷ ትታ ነው የወጣችው። እሷ ተጫዋች፣ እኔ ዝምተኛ፤ እንዴት እንደተዋደድን እንጃ። «ብዙዬ፣ አንቺ ተቀመጪ፤ የአንቺንም ድርሻ እኔው እናገርልሻለሁ» ትለኝ ነበር።

ሐምሌ መጨረሻ ላይ እርሻው ውስጥ በሽታ ገባ። አተት ይሉታል። ጠዋት ሲያርም ያየነው ሰው ማታ ወድቆ ይገኛል። አሠሪዎቹ ሥራው ቆሟል ብለው አሰናበቱን፤ አውቶቡሶቹም ከዚያ የመጣ ሰው አናሳፍርም አሉ። የፍልሰታ ጾም ገብቶ ነበር፤ ሁለት ቀን በእግራችን ዳገቱን ወጣን። ከዚያ ሁሉ ሙቀት ወጥተን ጓሳ ከሚባለው የደጋ ሜዳ ጫፍ ላይ ብቅ ስንል ጉሙ ፊታችን ላይ ተለጠፈ። የለበስነው ስስ የቆላ ልብስ ነው። ጥርሳችን እየተንገጫገጨ እንኳ ደስ ብሎን ነበር፤ የእርጥብ ሣሩ ሽታ የቤታችን ሽታ ነው።

መንደሩ መግቢያ ላይ ግን ሚሊሻው መንገዱን ዘግቶ ጠበቀን። ከኋላው የቀበሌው ሊቀመንበርና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቆመዋል። አባቴም ከሰዎቹ መሐል ነበር። ሊያቅፈኝ ወደ ፊት ሲል በጋቢው ጎትተው መለሱት።

ክረምት ስለሆነ ትምህርት ቤቱ ዝግ ነው፤ እዚያ አስገቡን። ወንዶቹ አራተኛ ክፍልን ያዙ፣ እኔና በላይነሽ ሦስተኛ ክፍልን። ሦስተኛ ክፍልን የተማርኩት እዚያው ነው። ዴስኮቹን ግድግዳ ዳር ደርድረን ወለሉ ላይ ገለባ ጎዘጎዝን።

ሊቀመንበሩ ከግቢው የድንጋይ ካብ ውጭ ሆኖ ጮክ ብሎ ነገረን። «ሰባት ቀን ነው! ከመካከላችሁ አንድ ሰው ከታመመ ግን ቆጠራው ለሁላችሁም እንደገና ከአንድ ይጀምራል!» ሠራተኛዋ ደግሞ ለእያንዳንዳችን አንዳንድ እሽግ የዱቄት መድኃኒት በካቡ ላይ አኖረችልን። «የጀመረው ሰው ወዲያው ይንገረኝ። ይህን በአንድ ሊትር ውኃ በጥብጦ ቶሎ ቶሎ ይጠጣ። ጾም ነው ብሎ እንዳይጠብቅ!» አለች።

ሚሊሻው ዳሱን የሠራው ከመጸዳጃ ቤቱ ፊት ለፊት ነበር። ማን ስንት ጊዜ እንደገባ እንዲያይ ታዝዟል። በመጀመሪያው ቀን በላይነሽ ከዚያ ስትወጣ «አንተ፣ ቆጠርከኝ? ለወረዳ ሪፖርት ሊደረግ ነው?» አለችው። ምስኪኑ አፉን በጋቢው ሸፍኖ ሳቀ።

ከብርዱም ከረሃቡም የባሰው ቤታችንን እያየን መቀመጡ ነበር። ከክፍሉ በር ላይ ሆኜ የቤታችን ጭስ ከክዳኑ ሲወጣ አያለሁ። ዘመዶቻችን ንፍሮውን፣ ቂጣውን፣ በሶውን ካቡ ላይ አስቀምጠው ወደ ኋላ ይርቃሉ፤ እኛ ሄደን እናነሳለን። እማማ አስካለ ልጅቷን አዝለው በየቀኑ ይመጣሉ። በላይነሽ ካቡ ጋ ሆና እየዘለለች ትጠራታለች። ልጅቷ ፊቷን አያቷ ጀርባ ውስጥ ትቀብራለች። አንድ ቀን በላይነሽ እየሳቀች ሄዳ ስትመለስ አልሳቀችም። «ረስታኛለች፣ ብዙዬ» አለችኝና ቀኑን በጣቷ ቆጠረች።

በአምስተኛው ቀን ጠዋት ጉሙ ክንድ ዘርግተህ እጅህን የማታይበት ነበር። በላይነሽ ወጣች፣ ገባች፣ ወጣች። በአራተኛው ስትመለስ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ገባኝ። እሷም እንደገባኝ አየች።

«ለማንም እንዳትናገሪ።»

«መድኃኒቱን ልበጥብጥልሽ።»

«ከጠጣሁ መውጣቴ ነው፤ ጉሙ ሲገለጥ ያ ሰው ያየኛል። ሁለት ቀን ነው የቀረን። ዘጠኝ ወንድ በእኔ ምክንያት ከአንድ ሊጀምር ነው? ይልቅ ዝም በይ፣ አንቺ ታውቂበታለሽ።»

መድኃኒቱን ግን በጠበጥኩት። ፀሐይ ብልጭ ብላ ስለነበር ጋሽ ሽፈራው ሊሞቁ እኛ በር ላይ ተቀምጠዋል። ከወንዶቹ ትልቁ እሳቸው ናቸው፤ ሁላችንም እናፍራቸዋለን። ጣሳውን ይዤ ስቀርብ በላይነሽ እሳቸው እንዲሰሙ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «ቅዳሴ ሳይወጣ?» አለች። ጋሽ ሽፈራው ዞር አሉ።

«ምንድን ነው?»

«ውኃ ጠጪ ትለኛለች፣ ጋሼ።»

«ኧረ ተይ አንቺ ልጅ! ከቆላው ሐሩር ይዛ ያወጣችውን ጾም እዚህ ልታስፈቻት ነው? ጎበዝ የእኔ ልጅ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምን አላት!» ብለው ሳቁ።

ፊቴ ጋለ። ጣሳውን መሬት ላይ አስቀመጥኩት። ታማለች ማለት ብቻ ነበረብኝ። አፌን ያዘኝ እላለሁ ሁልጊዜ፤ ማፈሬም እውነት ነው። ግን ሌላም ነገር ነበር፣ እሱን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም። እኔም ቤቴ መግባት ፈልጌ ነበር። ሰባት ቀን እንደገና በዚያ ገለባ ላይ መተኛቱን አልፈለግኩም። ምናልባት ይተዋታል፣ ምናልባት ቆላ የበላነው ነገር ነው እያልኩ ራሴን አታለልኩ።

እኩለ ቀን ሲያልፍ ዓይኗ ወደ ውስጥ ገባ። የእጇ ቆዳ ቀኑን ሙሉ ልብስ ስታጥብ እንደዋለች ሴት ተጨማደደ። እግሯን ቁርጠት ሲይዛት ነጠላዋን ነከሰች። በዚህ መሐል እማማ አስካለ ከካቡ ማዶ «በላይነሽ! ኧረ በላይነሽ!» ሲሉ ተሰማ። መነሳት ሞክራ አልቻለችም። ክንዴን ያዘችና በሹክሹክታ «ጸሎት ላይ ናት በያቸው» አለችኝ።

ሄድኩ። እማማ አስካለ ሩቅ ቆመዋል፣ ልጅቷ ጀርባቸው ላይ ናት። በዚያን ጊዜ ዓይናቸው ደህና ነበር፤ ቀጥ ብለው አዩኝ።

«ልጄስ?»

«ጸሎት ላይ ናት።»

ፊታቸው በራ። «እሰይ የእኔ ልጅ! አታቋርጫት። በሶውን ቅዳሴ ሲወጣ ትጠጣው» ብለው ልጅቷን ወዝወዝ እያደረጉ ተመለሱ። ያን ያህል ረጅም መንገድ ጀርባቸውን እያየሁ አልጠራኋቸውም።

ክፍሉ ውስጥ ስመለስ በላይነሽ ብጠራት አልመለሰችም። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለም። ያኔ ነው የጮህኩት። እንዴት እንደጮህኩ አላውቅም፤ ሚሊሻው ጠመንጃውን ጥሎ ሮጠ፣ ወንዶቹም እየተደናበሩ ወጡ። መድኃኒቱን በማንኪያ ሳደርግላት በአፏ ዳርና ዳር ፈሰሰ። አባቴና ሦስት ሰዎች እጃቸውን በላስቲክ ጠቅልለው፣ በቃሬዛ ተሸክመው ወደ መሐል ሜዳ ጤና ጣቢያ ይዘዋት ሄዱ። ከመንደራችን በታች ያለውን ወንዝ ሳትሻገር አረፈች።

ቆጠራው ከአንድ ጀመረ። ከወንዶቹ አንድም ሰው አልተቆጣም። እዚያው ካብ ውስጥ ሆነን የለቅሶውን ድምፅ ሰማን፤ ወጥተን መቅበር፣ ደረት መድቃት አልተፈቀደልንም። ጋሽ ሽፈራው «ጎበዝ ያልኳት እኔ ነኝ» እያሉ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው አለቀሱ። ሊያጽናና ለመጣው ሰው ሁሉ ግን ካቡ ላይ ተደግፈው «ውኃ እምቢ ብላ፣ ጾሟን ሳትፈታ ነው የሄደችው» ይሉ ነበር። እማማ አስካለም «እኔም ስመጣ ጸሎት ላይ ነበረች» ይላሉ። እኔ አጠገባቸው ቆሜያለሁ። ከእነዚያ አሥር ሰዎች ሌላ የታመመ አልነበረም፤ ያንን ሁለተኛ ሳምንት ሙሉ ጤነኛ ሆነን ቆጠርነው።

ጋሽ ሽፈራው ሞተዋል። አሁን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ባለፈው ሳምንት ልነግራቸው ቆርጬ እማማ አስካለ ቤት ሄድኩ። ገና ስቀመጥ «እስቲ ያን ቀን እንዴት እንደነበረች ንገሪኝ» አሉኝ። አፌን ስከፍት የወጣው ያው የድሮው ነው፤ ፊቷ ወደ ምሥራቅ እንደነበር ሁሉ ጨመርኩበት። በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ እጨምርበታለሁ። እሳቸውም እጄን ስመው «አንቺ እንደ ሌላው አፍ የለሽም፣ ያልሽውን ነው የማምነው» አሉኝ።

በላይነሽ ጾማ አልሞተችም። ለሌላ ሰው ሰባት ቀን ብላ፣ ልጇ እንዳትረሳት ቸኩላ ሞተች። እኔ ደግሞ የእሷን ዝምታ ከራሴ ፍላጎት ጋር አጣብቄ ተቀመጥኩ። ከዚህ የበለጠ የምጸድቅበት ቃል የለኝም።

እማማ አስካለ ፊደል አልቆጠሩም፤ ይህን የጻፍኩትም በዚያ ተማምኜ ይመስለኛል። የበላይነሽ ልጅ ግን ታነባለች።