አራት ፍራሽ፣ ሁለት ሰው

ሊባኖስ፣ ባውሽሪዬ የሚባል ሰፈር ውስጥ፣ ከአንድ አናጢ ቤት በላይ ባለች ክፍል አራት ሆነን እንኖር ነበር። ሁላችንም ከአሠሪዎቻችን ቤት ወጥተን በየሰው ቤት በሰዓት የምንሠራ፣ የመኖሪያ ወረቀት የሌለን ነን። በር ሲንኳኳ ቶሎ አንከፍትም፤ የሚያንኳኳው ሰው እስኪሰለቸው ድምፃችንን አጥፍተን እንጠብቃለን።

አንድ ቀን ያንኳኳችው ሴት ግን አልሰለቻትም። በዕድሜ የምትበልጠን ታላቃችን በሩን ገርበብ አድርጋ ከፈተች። አንገቷ ላይ መታወቂያ ያንጠለጠለች ወጣት ሊባኖሳዊት ቆማለች። ስለ ሰፈሩ ነዋሪዎች ጥናት እየሠራሁ ነው አለች። ስንት ሰው ይኖራል? በወር ስንት ታገኛላችሁ? ኪራዩንስ ለማን ትከፍላላችሁ?

«ሁለት ነን» አለች ታላቃችን።

«ሁለት ብቻ?»

«ሁለት። እህትማማቾች ነን።»

ከጀርባዋ የተደረደሩት አራት ፍራሾች በር ላይ ለቆመ ሰው ፍንትው ብለው ይታያሉ። ልጅቷ አየቻቸው፤ ማየቷን እኔም አየሁ። ግን ምንም ሳትል ስልኳን ነካ ነካ አድርጋ፣ «መርሲ» ብላ ደረጃውን ወረደች።

ብትከራከረን ይሻል ነበር። ዝምታዋ እንቅልፍ ነሳን። አንዷ ጓደኛችን የቤቱ ባለቤት የላካት ናት አለች፤ ጦርነቱ፣ በቦምብ ከሚደበደበው ከዳሒዬ ሰፈር ያፈናቀለው ሰው ወደኛ ሰፈር ሲጎርፍ ኪራይ ጣራ ነክቶ ነበርና፣ እኛን አስወጥቶ ክፍሏን በእጥፍ ሊያከራይ ነው። ሌላዋ ከፖሊስ ናት አለች። ሲን ኤል ፊል ሰፈር ቤቷን የማጸዳላትን ማዳሜን ብጠይቃት፣ «ያኒ፣ ዛሬ ማን ማንን ያምናል? ለማንም ምንም አትንገሪ» አለችኝ። ጭራሽ ባሰብኝ። ሻንጣችንን አስረን ጠበቅን።

በሳምንቱ ልጅቷ ተመለሰች። መታወቂያው አንገቷ ላይ የለም። ክንዷን የተደገፉ አሮጊት አብረዋት አሉ፤ እናቷ ናቸው። ዳሒዬ ያለው ቤታቸው ተመትቷል። የዘመድ ቤት ሁሉ ሞልቷል፤ አከራዮች የሚጠሩት ዋጋም ከደመወዟ በላይ ነው። እሷ ጓደኛዋ ጋ ታድራለች፤ ለእናቷ ግን ቦታ የለም።

«ባለፈው አራት ፍራሽ አይቻለሁ» አለች ቀስ ብላ። «እናቴን ለጥቂት ቀን አንዱ ላይ ታሳርፉልኛላችሁ?»

ልመና ይሁን ማስፈራሪያ መለየት አቃተኝ። ታላቃችን ትክ ብላ አየቻትና፣ «እኛ ሁለት ነን። የቀሩት የእንግዳ ናቸው» አለች። ከዚያ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው።

አሮጊቷ የእኔን ፍራሽ ያዙ፤ እኔ ከአንዷ ጋር ተዳበልኩ። ቤታቸው ሠራተኛ እንደነበራቸው ያስታውቃል፤ ውኃ ሲፈልጉ ፊታችንን ሳያዩ ነበር የሚያዙን። ቦርሳቸውን ትራስ ሥር አድርገው ይተኛሉ፤ እኛም እንደዚያው። አንድ ቀን ግን ከሥራ ስንመለስ ምስርና ሩዝ ቀላቅለው ሠርተው ጠበቁን። ታላቃችን ማንኪያዋን ይዛ ጠበቀች፤ እሳቸው እስኪቀምሱ ነው። ገባቸው። ከእያንዳንዳችን ሳህን አንዳንድ ማንኪያ እያነሱ በሉ። ከዚያ ወዲህ ሲያናግሩን ያዩን ጀመር።

ድብደባው ሲቆም ልጅቷ ከከተማው ወጣ ብሎ ክፍል አግኝታ ልትወስዳቸው መጣች። «ስለ እናንተ ለማንም አልተናገርኩም» አለች። ከእኛ ማንም አልጠየቃትም ነበር። እኛም ይህን ክፍል ሰው ስላወቀው ሌላ ተከራይተን ልንለቅ ነበር። የታሰሩትን ሻንጣዎች አይታ፣ «እናንተስ የት ልትገቡ ነው? እናቴ እየመጣች ልትጠይቃችሁ ትፈልጋለች» አለች።

ታላቃችን የአዲሱን ክፍል ቁልፍ ኪሷ ውስጥ እንደጨበጠች፣ «ገና አልታወቀም» አለቻት። ቀጥላም አሮጊቷን ክንዳቸውን ይዛ ደረጃውን ቀስ እያደረገች አወረደቻቸው።