ለማሽኗ የተደረገ ዱአ

የወደፊቱን ዘመን ድራማ የሚጽፉ ሰዎች በሕይወታቸው ወለል ወልውለው የሚያውቁ አይመስለኝም። ከተማቸው በመብራት ያበደ ነው፤ መኪናው ይበራል፤ በሩ በድምፅ ይከፈታል፤ የተቃጠለ ቻርጀር የሚቀይር ሰው ግን አንድም ቦታ አይታይም። እኔ ሐይቅ ከተማ ውስጥ ዲሽ እተክላለሁ፣ ቴሌቪዥን እጠግናለሁ። ሙያውን የተማርኩት ከስልክ ቪዲዮና ራሴ ካበላሸኋቸው ዕቃዎች ነው። ስለዚህ ተከፍቶ የማያውቅ ማሽን ሳይበላሽ ሲሠራ ባየሁ ቁጥር ታሪኩን ትቼ አቧራውን እፈልጋለሁ። አቧራ የለም።

ባለፈው ክረምት ቤታችንን የያዘው ተከታታይ ድራማ ስለ አንዲት ሰው ሠራሽ የቤት ሠራተኛ ነበር። የውጭ ነው፤ ድምፁ በአማርኛ ተተክቷል። ሀብታም ባልና ሚስት ሠራተኛዋን ይገዟታል። ፊቷ የሴት ነው፤ አንገቷ ሥር ሰማያዊ መብራት ይበራል፤ አትበላም። ሰሐን ስታጥብ እጅጌዋ እንኳ አይርስም። ከስንት ሳምንት በኋላ መስኮት ዳር ቆማ «ምን እየሆንኩ ነው?» ትላለች፤ ቫዮሊኑ ይጀምራል፤ ባለቤቶቿ ደንግጠው ሳይንቲስት ይጠራሉ። ሠራተኛ ከፋኝ ስትል ሳይንቲስት የሚጠራበት ቤት! ይህን የጻፈ ሰው ሠራተኛ አይቶ አያውቅም፤ ወይም አይቶ ረስቷታል።

እናቴ ግን ከመግሪብ ሶላት በኋላ አንድ ክፍል አላመለጣትም። እንባዋን በሻሿ ጫፍ እየጠረገች «ምስኪን፣ ሰው አገር» ትላለች።

«እማ፣ ማሽን ናት እኮ። እናት የላትም።»

«እናትም የላትም? ያ ረቢ፣ ባሰ!»

እህቴም አብራን ታያለች። ኮንትራቷን ጨርሳ ከዓረብ አገር የመጣችው ከዒድ ወዲህ ነው። ማዳሟ እንድትመለስላት ፈልጋለች፤ የላካት ደላላ አርብ መጥቶ ቁርጡን ሊሰማ ነበር። እናቴ ልጇ ደስ ብሏት እንደምትሄድ አምናለች። እህቴ በስልክ «ደህና ነኝ፣ ጥሩ ሰዎች ናቸው» ከማለት ሌላ ነግራት አታውቅም። እኔ ግን እንድትቀር እፈልግ ነበር። ከመጣች ጀምሮ ምግብ የምትበላው ቆማ ነው። ከሌላ ክፍል ስሟን ከጠሯት የያዘችውን ጥላ ትሮጣለች። ብጠይቃት «ተወኝ አቦ!» ብላ ትዘጋኛለች።

ስለ ድራማው የምትናገረው የሥራውን ብቻ ነው። «መስታወት እንዲህ ነው የሚወለወለው? ማዳም ብታያት ጨርቁን ፊቷ ላይ ነበር የምትወረውርባት» ትልና ትስቃለች። አብሯት የሚስቅ የለም።

ረቡዕ ዕለት በድራማው ባለቤቶቿ ማሽኗ ያየችውን ሁሉ ከጭንቅላቷ አጥፍተው ለሠራት ፋብሪካ ሊመልሷት ወሰኑ፤ ክፍሉ እዚያ ላይ ተቆረጠ። በማግስቱ ቤታችን ለእህቴ መንገድ ዱአ ነበር። የሰፈሩ ሴቶች ተሰበሰቡ፤ ክርስቲያኗ ጎረቤታችንም እንደ ሁልጊዜው መጣች። ዱአውን የሚመሩት አንዲት ሸምገል ያሉ ዱበርቲ ናቸው። እያንዳንዷ ሐጃዋን፣ የምትለምነውን፣ ትናገራለች፣ እሳቸው ይመርቃሉ፣ ሌላው አሚን ይላል። እኔ በረንዳ ላይ የዲሹን ገመድ እቀጥል ነበር።

የእናቴ ተራ ደረሰ። «የልጄን መንገድ ጨርቅ ያርግላት» አለች።

«አሚን።»

«ደግሞ ያችን አንገቷ ላይ መብራት ያለባትን ልጅ፣ አላህ የባለቤቶቿን ልብ ያራራላት።»

«የቷ ናት?» አሉ ዱበርቲዋ።

«የቴሌቪዥኗ! ልትመለስ ነው እኮ» አለች አንዷ።

«ውይ! አሚን፣ አሚን!»

«የግሸኗ ማርያም ትድረስላት!» አለች ጎረቤታችን።

ድምፁ ለእህቴ ከተባለው አሚን በለጠ። ፒንሳውን ይዤ ቀረሁ። ባሕር ማዶ ያለ ደራሲ ከፕላስቲክ ለፈጠራት ገረድ የሐይቅ ሴቶች እጃቸውን ዘርግተው ይለምናሉ! ገብቼ የማሽንን ነገር አንድ በአንድ ላስረዳ ስል እህቴ ሳቀች። ሳቋ ረዘመ፤ ከዚያ ቀጥ አለ።

«ለሷ ካረጋችሁ ለኔም አርጉልኝ።»

«አረግንልሽ እኮ ልጄ፣ ለመንገድሽ» አለች እናቴ።

«የመንገዱን አይደለም። እንዳልመለስ።»

እናቴ ዞራ አየቻት።

«እሷ ባትሪዋ ሲያልቅ ያሳርፏታል» አለች እህቴ። «እኔ ኩሽና ውስጥ ወንበር ላይ መቀመጥ ክልክል ነበር። ታምሜም ክልክል ነበር። ወላሂ፣ ደህና ነኝ ስላችሁ ማዳም አጠገቤ ቆማ ነው።»

ዱበርቲዋ እጃቸውን አላጠፉም። «አብሽሪ ልጄ» አሉ። «ከእናትሽ ቤት ሳትወጂ አያውጣሽ።»

አሚን ተባለ፤ በዝግታ። እናቴ ብቻ አላለችም። አፏን በሻሿ ይዛ ልጇን ታያለች።

በዚያ ምሽት ድራማው ነገሩን በእቅፍ ጨረሰው። ባልና ሚስቱ ተጸጸቱ፣ ማሽኗን አቅፈው አለቀሱ፣ ቫዮሊኑም አለቀሰ። ለእነሱ እንዲህ ቀላል ነው። ከቤታችን ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ ያየሁትም የተቀጠለው ገመድ መሥራቱን ለማረጋገጥ ነው። እናቴና እህቴ ጓዳ ገብተው በሩን ዘግተው ነበር።

አርብ ከጁምዓ በኋላ ደላላው መጣ። እናቴ ከደጃፉ አላሳለፈችውም።

«አትሄድም» አለችው።

«ኧረ እናቴ፣ ማዳሟ እየጠበቀቻት ነው! ምን ልበላት?»

«ትጠብቅ። እኔም ስጠብቅ ነው የኖርኩት።»