ለዳክዬ የተተኮሰ ጥይት

ከጠዳ ወደ ደንቢያ ሜዳ ወረድ ሲሉ፣ ረግረጉ ዳር ካሉት ቤቶች የመጨረሻው የአያ አንዳርጋቸው ነው። አያ አንዳርጋቸው ሰው ወዳድና ጨዋታ አዋቂ ገበሬ ነው፤ አንዴ «አይሆንም» ካለ ግን ጥማድ በሬ አይጎትተውም። አንድ እህቱን ያሳጣውም ይኸው ግትርነቱ ነው።

እህቱ ወለተሩፋኤል የተዳረችው ከረግረጉ ማዶ ነው። እናታቸው በሞቱ ጊዜ እሷ አራስ ነበረችና «ተዝካሩን ልጄን ክርስትና እስካስነሳ ድረስ አቆዩልኝ፤ እኔም ለእናቴ ልቁም» ብላ ላከችበት። እሱ ደግሞ ጠላው ተጠምቋል፣ ካህናቱ ተጠርተዋል ብሎ ሳይጠብቃት ደገሰ። ወለተሩፋኤልም «ሞትህን ሳልሰማ ደጅህን አልረግጥም» ብላ በሩፋኤል ማለች። ያን ጊዜ የወለደቻት ልጅ ዛሬ ራሷ የልጆች እናት ናት። ሽማግሌ ተላከ፣ ቄስ ተላከ፤ «መሐላዬን አፍርሼ ነፍሴን ልኮንን?» ከማለት በቀር ንቅንቅ አላለችም።

አያ አንዳርጋቸው መጀመሪያ ተናደደ፣ ቀጥሎ ተወት አደረጋት፣ እያደር ግን ናፈቀችው። ውሻውን «ይለፍ» ብሎ የሰየመውም ለሷ ነው። ባገሩ ሰው ለተጣላው ሰው መልእክት የሚልከው በውሻው ስም ነውና፣ ማታ ማታ ረግረጉ ዳር ቆሞ «ይለፍ፣ ና ይለፍ» እያለ ወደ ማዶ ይጣራል። ውሻው እግሩ ሥር ተጋድሞ ጅራቱን ይቆላል።

ዘንድሮ በክረምቱ ሳንባው ውሃ ቋጠረና ጎንደር ወጥቶ ሆስፒታል ተኛ። ሰው ሁሉ ተስፋ ቆርጦ ነበር። ጠያቂው ሲገባና ሲወጣ የሱ ዓይን ከበሩ አይነቀልም፤ ወለተሩፋኤል ግን አልመጣችም። «ሞቴን ነው የምትጠብቅ» አላት ለሚስቱ ለስንዱ። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ አለቀሰ፤ ስንዱም እንዳላየች ሆነች።

እግዜር ይመስገን፣ ለመስቀል ተነሳ። ተነሳ እንጂ ከግቢው አልወጣ ብሎ ሲቀመጥ፣ በጥቅምት አንድ ጧት ወዳጁ ህሩይ ከጎንደር ከች አለ። ህሩይ ቀሐ አጠገብ ቤት ሠርቶ የሚኖር ማኪና ነጂ ነው፤ በዕድሜ ከአያ አንዳርጋቸው ያንሳል፣ በወሬ ይበልጣል። የአባቱን የአደን ጠመንጃ አንግቷል።

«አያ፣ ምነው እንደ አራስ ቤት ታቅፈህ ተቀመጥህ? ዳክዬው ሽምብራህን ጨረሰው እኮ።»

«ጉልበቴ ገና ነው፣ ህሩይ።»

«ጉልበትህን ማን ጠየቀህ፤ ጣትህ ከታዘዘችልህ ይበቃል።»

ክርስቲያን ዳክዬ አይበላም፤ አደኑ የበቀለውን ሽምብራ ለማዳን፣ ሥጋው ለይለፍ ነው። ዘመኑ ጥይት ሰው የሚያስደነግጥበት ስለሆነ ህሩይ ቀድሞ ለሰፈሩ ሚሊሻዎች «ዳክዬ ነው የምንተኩስ» ብሎ ነገረ፤ ጎረቤቱም ሰማ። ለማዶዎቹ መንገር ግን ለአንዳቸውም ትዝ አላላቸውም። ስንዱ ገበያ ሄዳ ስለነበር ቤቱን ቆልፈው ወረዱ።

ጉሙ ከደንገሉ ላይ ገና አልተነሳም ነበር። ጭቃው እስከ ጉልበት ይውጣል። ዳክዬዎቹ ከሽምብራው ላይ ሲነሱ ህሩይ ሁለት ጊዜ ተኩሶ ሰማዩን መታ። «ሸጋ ተኩስ ነው፤ ደመናዋ ቆስላለች» አለው አያ አንዳርጋቸውና ጠመንጃውን ተቀበለ። ጣቱ ታዘዘችለት። አንዱ ዳክዬ ውሃው ላይ ዱብ ሲል ክረምቱን ሙሉ ደረቱ ላይ የተቀመጠው ነገር አብሮ የወደቀለት መሰለው። በጣም ደስ አለው። ይለፍ ዋኝቶ ዳክዬውን ያዘና ግማሽ መንገድ አምጥቶ፣ ደረቅ ጉብታ ላይ ተቀምጦ ይበላው ጀመር። ቢጠሩት፣ ቢሰድቡት ቀና አላለም።

መንጋው ወደ ታች ሸሽቶ ስለነበር ተከትለውት ሄዱ። መተኮሱ ቀርቶ በእጃቸው እያጨበጨቡ ሲያባርሩት ረፈደ። ዳቦ ቆርሰው፣ ስለ ልጅነታቸው ሲጫወቱ ቆይተው ሲመለሱ፣ ከሽቅብ የለቅሶ ድምፅ ተሰማ። ከአያ አንዳርጋቸው ቤት ነው።

«ስንዱ» አለ አያ አንዳርጋቸው። ማኪና ገጭቷት መሆን አለበት ብሎ አሰበ፤ ሌላ ምን ይታሰባል? ጉልበቴ ገና ነው ያለው ሰው ዳገቱን ህሩይን ጥሎት ሮጠ።

ግቢው ውስጥ ነጠላ ያዘቀዘቁ ሴቶችና ጋቢ የለበሱ ወንዶች ቆመዋል፤ ሁሉም የማዶ ሰዎች ናቸው። ቀድሞ የገባው አፉን ላባ በላባ ያደረገው ይለፍ ነበር። ቀጥሎ እሱ፣ እስከ ወገቡ ጭቃ ሆኖ ገባ። ለቅሶው ባንድ ጊዜ ጸጥ አለ። አንዲት አሮጊት አማተቡ። በተቆለፈው በር ሥር ተንበርክካ ደረቷን የምትመታ አንዲት ሴት ብቻ አላየችውም።

«ማን ነው የሞተው?» አለ ትንፋሹ እየተቆራረጠ።

ሴትዮዋ ቀና አለች። ወለተሩፋኤል ነበረች፤ ጠጉሯ ሸብቷል።

«አንተ» አለችው።

ያን ጊዜ ገባው። ባገሩ ስመ ጥር ሰው ሲሞት ጥይት ይተኮሳል። የሱን መታመም ማዶ ሁሉ ያውቃል። ጥይቱ ደግሞ ከቤቱ ሥር ሦስት ጊዜ ጮኸ። ህሩይ ከኋላ ደርሶ ጠመንጃውን ጋቢው ውስጥ ሊደብቅ ሞከረ።

ወለተሩፋኤል ተነስታ ፊቱን ዳበሰችው፤ ጭቃውን በመዳፏ ጠረገች፣ ከዚያ ያለቀሰችውን እጥፍ አለቀሰች። አያ አንዳርጋቸውም አለቀሰ፣ አሁን ፊቱን የሚያዞርበት ግድግዳ የለም። እያለቀሰም አንድ ፍርሃት ያዘው። እህቱ ጎንበስ ብላ የቆመችበትን ደጅ አየች። መሐላዋ ትዝ ብሏታል፤ አሁን ትሄዳለች፣ ዳግመኛም አትመጣም ብሎ አሰበ።

እሷ ግን ያዘቀዘቀችውን ነጠላ አውርዳ ደህና አድርጋ ለበሰችው።

«እኔ የማልሁት ሞትህን ሳልሰማ ደጅህን አልረግጥም ብዬ ነው» አለች። «ሰማሁ። ማዶ ሁሉ ሰምቷል፤ ምስክሬ ነው።»

«እግዜር ሳይደግስ አይጣላም» አሉ ያማተቡት አሮጊት።

«ተዝካሩን...» ብሎ ጀመረ አያ አንዳርጋቸው።

«እሱን እንኳ ተወው፤ ማታ ማታ ስትጣራ እሰማ ነበር» አለችው ወለተሩፋኤል። «በል ክፈትልኝ፤ ደክሞኛል።»

ቁልፉ በጭቃ እጁ ላይ እየተንሸራተተ ስላስቸገረው ህሩይ ተቀብሎ ከፈተው። ወለተሩፋኤል መድረኩን ተሻግራ ገባችና ከውስጥ ሆና «ና ይለፍ» ብላ ተጣራች። ውሻው ላባውን እየላሰ ተከትሏት ገባ።