ያልተቀነሰው አኮርዲዮን

ለሚክሲንግ፣ የተቀዱ ድምፆችን መጥኖ ለማዋሐድ፣ ጥሩ ጆሮ ያስፈልጋል ይባላል። ሐሰት ነው። ጆሮማ ጋሽ ታደሰ ነበረው፤ ያጣው ድፍረት ነው።

ሰሞኑን አንድ የቡና መጋዘን አጠገብ ታክሲ ስጠብቅ የጆንያ ሽታ አፍንጫዬን ሞላውና ታክሲውን ትቼ በእግሬ ሄድኩ። በልጅነቴ ጊንጆ ጉዱሩ ሰፈር ጎረቤታችን የነበረው ጋሽ ታደሰ፣ ድምፅ እንዳያስተጋባ ብሎ የሳሎኑን ግድግዳ በባዶ ጆንያ ሸፍኖት ነበር። ኮሌጅ ውስጥ ፊዚክስ ያስተምራል። እሑድ ከሰዓት በኋላ ባለ አራት መሥመር የካሴት መቅረጫውን ጠረጴዛው ላይ ያወጣል፤ እኛ የሰፈር ልጆች ካልተንጫጫን መቀመጥ ይፈቀድልናል። ማሽኑ ድምፃዊውንና መሣሪያዎቹን ለየብቻ ስለሚይዝ፣ በኋላ አንዱን ከፍ ሌላውን ዝቅ አድርጎ ማዋሐድ ይቻላል። ዛሬ የእህቴ ልጅ ይህንኑ በላፕቶፕ ይሠራል፤ ነገሩ አብሮት የተወለደ ይመስለዋል።

አንድ እሑድ ዘይቱና የምትባል ልጃገረድ ከአጎቷ ከጋሽ ኑሩ ጋር ከሰርቦ መጣች። ጋሽ ኑሩ በቀበሌ ኪነት ዘመኑ የለመደውን አኮርዲዮን ተሸክሟል። እንድትዘፍን የፈቀደላት እሱ ስለሆነ የሚያጅባትም እሱ ነው። ተቀድተው ሲያበቁ ጋሽ ታደሰ ሌላውን ሁሉ ዘግቶ የእሷን ድምፅ ብቻ አሰማን። ወፍራም፣ ትንሽ ሻካራ፣ የማይቸኩል ድምፅ። ሳል ይዞኝ ነበርና አፌን በእጄ አፈንኩ። ከዚያ አኮርዲዮኑ ገባ።

«ሜ፣ እስቲ የኔን ትንሽ ጨምራት» አለ ጋሽ ኑሩ።

ጋሽ ታደሰ ጨመረ። አሁንም ጨምር ተባለ።

«ግጥሟ አልሰማ አለ እኮ፣ ጋሽ ኑሩ።»

«ግጥሙንማ ሰርቦ በሙሉ ያውቀዋል። አኮርዲዮኔን ነው የማያውቁት።»

ሁላችንም ሳቅን። ጋሽ ታደሰም ሳቀ፤ በዕድሜ የሚበልጠውን ሰው ፊቱ እያየ መቀነስ ነውር መስሎት የማሽኑን ቁልፍ እስከ ጫፍ ገፋው። ካሴቱ እንደዚያው ተባዝቶ ሰርቦ ገባ።

ከወራት በኋላ ዘይቱና ተመልሳ መጣች። ካሴቱን ሠርግ ቤት ሰምታዋለች። ጋሽ ታደሰ ሌላ ዘፈን እንቅዳ ቢላት አንገቷን ደፋች።

«ይቅር ጋሼ። ወላሂ፣ ድምፄ ይህን ያህል ደካማ መሆኑን አላውቅም ነበር።»

ጋሽ ታደሰ ሊናገር አፉን ከፈተ። አጎቷ በረንዳው ላይ ቆሞ ይጠብቃታል። ወደ በረንዳው አየና ሻይ ጠጪ አላት። አልጠጣችም። ከዚያ ቀን በኋላ አልዘፈነችም።

እሱ ግን ወደ ቤቱ ለመጣ ሁሉ ሲሰብክ ኖረ፤ መጀመሪያ የድምፃዊውን ከፍታ ወስን፣ ሌላውን በእሱ ልክ አድርግ፣ የማይሰማ ካለ እሱን ከመጨመርህ በፊት የሸፈነውን ቀንስ። ትክክል ነው። የእህቴን ልጅ በዚሁ አሰልችቼዋለሁ። ለዘይቱና ግን ማንም አልነገራትም።

ጋሽ ታደሰ ሲሞት ሌላ ፈላጊ አልነበረምና ልጁ መሥመሮቹ ገና ያልተዋሐዱበትን ዋናውን ካሴት ሰጠችኝ። ባለፈው ወር ወደ እህቴ ልጅ ላፕቶፕ ገልብጠን አኮርዲዮኑን ቀነስኩት። ሥራው ያን ያህል ቀላል ነበር። ከዚያ ወዲህ አርፌ መቀመጥ አልቻልኩም። ሰርቦ ሄጄ ብጠይቅ አግብታ ሊሙ ገነት ገብታለች አሉኝ፤ ሊሙ ገነት ሄጄ አጣኋት።

አንተ አንባቢ፣ የምታውቃት ከሆነ ማንበብህን ተውና ሂድ ፈልጋት። መጥታ የራሷን ድምፅ ትስማው።